ማን አየ?

ሱልጣና ለሌለች ሴት ስጦታ ገዛች። ሁለት ኪሎ ተምር፣ አንድ ቆርቆሮ የጅቡቲ የዱቄት ወተት፣ በዚያ ላይ አረንጓዴ አበባ ያለበት ድሪ፣ ስሱ የቆላ ቀሚስ። ለድሪው ሎጊያ ገበያ ውስጥ ሦስት ሱቅ ዞራ፣ ከባለሱቁ ጋር ለመቶ ብር ግማሽ ሰዓት ተከራክራ፣ በመጨረሻ «ለራሴ ቢሆን በዚህ ዋጋ አልነካውም ነበር» ብላ ወሰደችው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን አልጋ ላይ ዘርግታ፣ እያጣጠፈች አዲስ ፌስታል ውስጥ ስታስገባ፣ የባሏ የወንድም ልጅ ፋሪሃ በሩን ተደግፋ ታያታለች። ስጦታው የተገዛላት የአዋሿ ንጋትወርቅ በምድር ላይ እንደሌለች ከዚያ ቤት የምታውቀው ፋሪሃ ብቻ ናት። የምታውቀውም ራሷ ስለፈጠረቻት ነው።

«አበባው ለክርስቲያን ይበዛባት ይሆን?» አለች ሱልጣና ቀና ሳትል።

«አበባ ማንንም አያስከፋም እትዬ» አለች ፋሪሃ። በዚያ ሰዓት መባል የነበረበት ሌላ ነገር ነበር። እሱ ግን ሳይባል ቀረ።

ቤቱ ከሱልጣና ባል ከጋሽ አብዱሰላም ጎሚስታ ጀርባ የተቀጠለ ሁለት ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪናዎች ከፊት ለፊት እየቆሙ ጎማ ያስጠግናሉ፣ የጎማው ሽታ በመስኮት ገብቶ ከወጡ ሽታ ጋር ይቀላቀላል፣ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆምና ግድግዳው ራሱ ማላብ ይጀምራል። በዚህ ቤት ስለ ጎማ ዋጋ ይወራል፣ ስለ ውሃ ቦቴ ይወራል፣ አንድ ሊትር ዘይት ስንት እንደገባ በየቀኑ ይወራል። ስለ ናስር አይወራም። ናስር የሁለቱ አንድ ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሃያ ዓመቱ ሳይሰናበት ወጥቶ፣ ከኦቦክ ባሕር ዳር ደውሎ «ነገ እንሻገራለን፤ ስደርስ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም። ስሙ ከተነሳ ከባልና ሚስቱ አንዳቸው ተነስተው ይወጣሉ። ጋሽ አብዱሰላም ባለፈው ሳምንት ከመስጊድ ሲመለሱ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «የሚመጣው ዓርብ ሼሁን ጠርቻለሁ። እንደ ሞተ ሰው በሌለበት ይሰገድበታል። ሰው እስከ መቼ ተንጠልጥሎ ይኖራል» አሉ። ሱልጣና ሳህኑን ማጠብ ቀጠለች፣ አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው። በማግስቱ ጠዋት ፋሪሃን ጓሮ ጠራቻት።

«አንቺ ገጽ ላይ የጻፈችው ሴትዮ፣ ልጇን ያገኘችው። ከዓርብ በፊት እሷ ዘንድ ውሰጂኝ። ከአፏ ልስማው። ከዚያ በኋላ ሼሁ ይምጡም ይቅሩም እኔ አውቃለሁ።»

ፋሪሃ አድራሻዋን አላውቅም አለች፣ ስልኳ ጠፍቷል አለች፣ አዋሽ ትልቅ ከተማ ነው አለች። ሱልጣና በሦስቱም ራሷን ነቀነቀች። «ሰው ምን ይሠራል? እየጠየቅን እንደርሳለን።»

ረቡዕ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስፋልት ዳር ቆመው ዶልፊን ያዙ። ሱልጣና ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠች፣ ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቀፈችው። ረዳቱ «ከወንበር ሥር ይግባ» ቢላት አልሰማችውም። ፋሪሃ አጠገቧ ሆና መስኮቱን ታያለች። ውጭው ገና ግራጫ ነው፤ ድንጋይ፣ ግራር፣ ድንጋይ። ሰው ጥፋቱን ለመናዘዝ ስምንት ሰዓት መንገድ ካልበቃው መቼም አይበቃውም ብላ ራሷን አጽናናች፤ እስከ ሚሌ እነግራታለሁ ብላ ወሰነች።

«ማን አየ?» የሚባለው ገጽ የተወለደው መሬት በተንቀጠቀጠበት ሰሞን ነበር። ያኔ ሰው ቤቱን ጥሎ ሜዳ ወጥቶ ሳለ ስልኩ ከመሬቱ ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዱ ተራራው ፈነዳ ይላል፣ ሌላው ድልድዩ ወደቀ ይላል፣ አንዱም በቦታው የለም። ሰመራ በአንድ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራው ፋሪሃ፣ ከደንበኛዋ ከመሀመድአሚን ጋር ሆና የጥያቄና መልስ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። መሀመድአሚን የአፋር ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይሠራል፣ ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። በአፋር ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ሳይጠያየቅ አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ። መላሹም በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ስም ይጠራል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው አይኖርም። «እኛም እንዲሁ እናድርግ» አለ መሀመድአሚን፣ «መልስ የሚጽፍ ሰው ‹አየሁ› ወይም ‹ሰማሁ› ብሎ ይጀምር። ሦስተኛ ቃል የለም።» ሰው ወደደው። ድልድዩ ወድቋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አንድ የቦቴ ሾፌር «አየሁ፤ አሁን በላዩ እያለፍኩ ነው» ብሎ ፎቶ ላከ፤ በዚያ ቀን ብቻ ስምንት መቶ ሰው ገባ።

መሬቱ ሲረጋ ግን ግሩፑም ረጋ። ቀን ይመጣል፣ ቀን ይሄዳል፣ የሚጠይቅ የለም። ፋሪሃ ሌሎች እንዴት እንደሚያሳድጉ ከኢንተርኔት አየች፤ ባዶ ሱቅ ማንም አይገባም፣ መጀመሪያ ራስህ ገበያተኛ ሁን ነው ነገሩ። በአንድ የውሸት ስም «ለንግድ ፈቃድ እድሳት ምን ምን ያስፈልጋል?» ብላ ትጠይቃለች፣ በሌላ የውሸት ስም ትመልሳለች። መልሱ ግን እውነት ነበር፤ ቅጹን ቀኑን ሙሉ ኮፒ የምታደርገው እሷ ናት። ጥሩ ጥሩውን በምስል አድርጋ ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች፣ አጭር ቪዲዮ ሠርታ ቲክቶክ ላይ ትጥላለች፣ ከሥሩ የግሩፑን ሊንክ ታደርጋለች። አልፎ አልፎ እውነተኛ ጠያቂ ይመጣላታል። በዚህ ማንም አልተጎዳም፤ እስከዚህ ድረስ ሐቁ ለእሷ ይፈርዳል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ ኮፒው ቆሞ፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ አንዲት እናት ፈጥራ ጻፈች። ስሟን ጠረጴዛው ላይ ከተረሳ ቅጽ ወሰደችው፤ ንጋትወርቅ፣ የሎጊያ ሰው የማይጠረጥረው የደገኛ ስም። አገሯን ራቅ አድርጋ አዋሽ አደረገችው፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ልጇን ቻላቸው አለችው። «ልጄ ባሕር ሊሻገር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነ። ሞተም አልል፣ አለም አልል። ማን አየ?» ስትጽፈው እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ምክንያቱም ጥያቄው የሱልጣና ነው፣ ሱልጣና በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳን ከአፏ ያላወጣችው። እስከዚያ አራት ሺህ የደረሰው የግሩፑ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አራት ሺህ ሆነ። ሁሉም «ምን ደረሰች?» ይላል። ፋሪሃም ዝም ማለት አቃታት። በሌላ ስም ገብታ «አየሁ። ጂዛን እስር ቤት አብሬው ነበርኩ። በሕይወት አለ» ብላ ጻፈች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ እናቲቱ ሆና «ልጄ ደወለ» አለች። አገር ምድሩ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ለአንድ ቀን እንኳን ቢሆን፣ በጽሑፍም ቢሆን፣ የሆነ ልጅ ወደ እናቱ ሲመለስ ማየት ፈልጋ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለመሀመድአሚን እንኳን አይነገርም፤ አልነገረችውም። ነገ ሐሙስ ሁለቱን ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ጠርቷቸዋል፤ ሰው የሚያምነው ገጽ የሠሩ ወጣቶች ተብለው።

ሚሌ ላይ ሻይ ጠጡ። ሱልጣና ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለፋሪሃ ሰጠቻት፣ ፋሪሃም ዳቦው አፏ ውስጥ እያለ መናገር አይቻልም ብላ ዝም አለች። ዳቦው ካለቀ በኋላ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ሾፌሩ ሙሌ ይባላል። ከመሪው ይልቅ ወሬ የሚጥመው ሰው ነው። በመስታወት ፌስታሉን እያየ «እናት፣ ለማን ነው እንዲህ የታቀፉት?» አላት። ሱልጣና ነገረችው።

«የአዋሿን? ልጇ የተገኘላትን?» አለ ሙሌ ዞር ብሎ። «አውቃታለሁ እንጂ። አሮጌው ጣቢያ ጋ ቲማቲም የምትሸጠዋ አይደለች? በዓይኔ አይቻታለሁ።»

ፋሪሃ ወደ ሾፌሩ ቀና አለች። ስለ ቲማቲም አንድም ቃል አልጻፈችም።

«ልጁ እኮ ከሳውዲ መኪና ላከላት አሉ» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ። «መኪና ሳይሆን የቤት መሥሪያ ነው» አለች ሌላዋ፣ ገንዘቡን ራሷ የቆጠረች ያህል እርግጠኛ ሆና። ወሬው እግር አውጥቶ ሄዷል፤ የወለደችው ፋሪሃ እንኳን አታውቀውም። ሱልጣና በእያንዳንዱ ቃል ፊቷ እየበራ ይሄዳል። ገዋኔን ካለፉ በኋላ ወደ ፋሪሃ ዘንበል አለችና በሹክሹክታ፣ «ሦስት ነገር ነው የምጠይቃት» አለች። «ማንን እንደጠየቀች። ስንት ቀን እንደጠበቀች። ሲደውል መጀመሪያ ምን እንዳላት። አራተኛ አልጠይቃትም፤ ሰው ማሰልቸት ነው።»

«እትዬ…» አለች ፋሪሃ።

«ወይ?»

«ፀሐዩ ነካሽ እንዴ? መጋረጃውን ልሳበው?»

ሱልጣና «ኧረ ይሁን» አለች። መንገዱ መሬቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ መኪናው ዘለለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ቢስሚላሂ አለ፣ ጨዋታውም ወደ ስንጥቁ ዞረ። ፋሪሃ ከዚያ እስከ አዋሽ አፏን አልከፈተችም። ዓይኗን በጨው አጥባ የምትዋሽ ሴት አልነበረችም፤ የፈራችው እውነቱ የሱልጣናን ፊት እንደዚያ እንደበራ እንዳያገኘው ነበር።

አዋሽ ሰባት ሰዓት አካባቢ ደረሱ። ሙሌ ከመናኸሪያው ወዲያ ራሱ አወረዳቸው፣ በእጁም «በዚያ በኩል፣ ሐዲዱን ተሻግራችሁ» ብሎ ጠቆማቸው። ሰው መጠየቅ እንኳን አላስፈለጋቸውም። የቆርቆሮ ዕቃ የምትጠግን አሮጊት ገና ፌስታሉን ስታይ «ንጋትወርቅ ጋ ነው?» አለቻቸው። ፋሪሃ ከሱልጣና ኋላ ተከተለች። ማንም የማይሄድበት የድሮው ሐዲድ ሳር በቅሎበታል፤ ከሐዲዱ ማዶ በሁለት እንጨት የተወጠረ ሸራ አለ፣ ከሸራው ሥር ቲማቲም በቁልል በቁልሉ፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ከኋላ ደግሞ ራሷን በነጠላ ያሰረች ወፍራም ሴት። ዕድሜዋ ከሱልጣና ይበልጥ እንደሁ እንጂ አያንስም። ሁለቱን ሲመጡ ስታይ ቲማቲሙን ተወችና ጎንበስ ብላ አንድ ዱካ አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው።

«ይቀመጡ እናቴ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከሎጊያ» አለች ሱልጣና። «ንጋትወርቅ ነዎት?»

«ስሜስ ነው።» ከጀሪካን ውሃ ቀድታ ሰጠቻት፣ እስክትጠጣ ጠበቀቻት። «ግን እኔ አይደለሁም። አስቀድሜ ልንገርዎት። ልጅ አልጠፋብኝም፤ ወንድ ልጅም አልወለድኩም። ሁለት ሴቶች ናቸው ያሉኝ፣ አንዷ መተሐራ፣ አንዷ እዚሁ። ስልክም የደወለልኝ የለም።»

ሱልጣና ብርጭቆውን አስቀመጠች። ፈገግ ብላ፣ ዕቃ የሚያስወድድ ባለሱቅ እንደምታባብል ሁሉ ድምፅዋን አለዘበች። «ገብቶኛል። ሰው ሲበዛ ያሰለቻል። ዓይንም ይፈራል፤ ደስታን መደበቅ ያለ ነው። እኔ ብዙ አላስቸግርም። ሦስት ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት» አለችና ፌስታሉን ፈታ ተምሩን፣ ወተቱን፣ ድሪውን አንድ በአንድ ከቲማቲሙ ጎን ደረደረች። «ማንን ነው የጠየቁት?»

ንጋትወርቅ ወደ ፋሪሃ አየች፣ ዓይኗ ደክሟል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለች። «የመጀመሪያዋ ከባቲ መጣች። አይደለሁም ብላት አለቀሰች። ሁለተኛዋ ከከሚሴ፣ ለራሷ ካገኘች በኋላ ለሰው ነፈገች ብላ ረግማኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ምን ላድርግ፤ ወንበር አወጣለሁ፣ ውሃ እሰጣለሁ፣ የልጃቸውን ስም እጽፍላቸዋለሁ። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ይኸው ለዚህ ኖሯል። የጻፍኩት እንደሁ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ለማን እንደምሰጠው ግን አላውቅም።»

«ስንት ቀን ጠበቁ?» አለች ሱልጣና፣ እንዳልሰማች።

ፋሪሃ መሬቱ ላይ፣ ከሱልጣና እግር አጠገብ ተቀመጠች። ሽንኩርት ልትገዛ የመጣች ሴት ነበረች፤ እሷም ቆመች።

«እትዬ፣ እሳቸው አይደሉም። ማንም አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሴትዮዋን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ልጅዋንም።»

ሱልጣና አላየቻትም። የድሪውን ጫፍ ይዛ ነበር፤ እሱኑ በጣቷ ታለሰልሳለች። «የደወለውስ?»

«የደወለ የለም።»

«ጂዛን አብሬው ነበርኩ ያለው ልጅስ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹አየሁ› ብለሽ?»

«‹አየሁ› ብዬ።»

ሽንኩርት ልትገዛ የመጣችው ሴት ሳትገዛ ሄደች። ከባድ መኪና በዋናው መንገድ ላይ እያገሳ አለፈ። ፋሪሃ ጥፊ ብትቀምስ ደስ ባላት፤ ስድብም ቢሆን የሚያዝ ነገር ነው። ሱልጣና ግን ሎጊያ ቤት ውስጥ ስሙ ሲነሳ የምታደርገውን እንኳን አላደረገችም፤ ተነስታ አልወጣችም።

«ሦስት ዓመት ሌሊቱን ዓይኔ ፈጦ ነበር የሚነጋው» አለች በመጨረሻ፣ ለፋሪሃ ሳይሆን ለንጋትወርቅ። «ይቺ ወሬ ከመጣች ወዲህ ተኛሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኛሁ። የራሴ ልጅ ሳይሆን የሰው ልጅ በመገኘቱ ደስ ብሎኝ።»

ፋሪሃ ያን ጊዜ ነው ሥራዋ የገባት። እስካሁን የምታጣው የመሰላት የሐሙሱ ሥራ፣ አሥራ አራት ሺው ሰው፣ የመሀመድአሚን ፊት ነበር። ከሰው ላይ እንቅልፍ መስረቅ እንደሚቻል፣ ሰጥቶ መልሶ መውሰድ ደግሞ ጭራሽ ካለመስጠት እንደሚብስ አላሰበችውም። አለቀሰች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ፣ እንዳይሰማባት። ንጋትወርቅ ተናደደችባትም አዘነችላትም፤ ሁለቱም በፊቷ ላይ ይታያል። ከሽንኩርቱ ጆንያ ሥር ቅባት የነካው ደብተር አወጣች።

«አንቺ ነሽ የወሬዋ ባለቤት?» አለች። «እንግዲያው ይኸው የአንቺ ነው። ስሜን ይዘሽ አስረግመሽኛል፤ የተረገምኩበትን ሥራ አንቺ ጨርሺው።»

ደብተሩ ላይ በትልልቁ፣ በተንጋደደ ፊደል ሰባት ስም ነበር። ከባቲ። ከከሚሴ፤ የረገመችውም ተመልሳ መጥታ አስጽፋለች። ከጭፍራ ሁለት። ከመተሐራ። ከአዋሽ አርባ። ከመልካ ወረር፣ ጥጥ ለቀማ መጥቶ ከዚያው የሄደ ልጅ፣ እናቱ ልትፈልገው ከደጋ ወርዳ። በእያንዳንዱ ስም ሥር አንድ መስመር አለ፤ «ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል»፣ «በቀኝ እጁ ስድስት ጣት»፣ «አባቱ እንደሞተ አያውቅም።» ሰባት እውነተኛ ጥያቄ። ፋሪሃ ገጿ እንዲያድግላት ስትመኝ የኖረችው ይህን ነበር፤ እውነተኛው ጥያቄ ሲመጣ ግን ያረፈው እሷ ዘንድ ሳይሆን ቲማቲም ሻጭ ሸራ ሥር ነው።

ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ የሚጻፈውን ጻፈች። «የአዋሿ እናት ጥያቄም፣ ልጇን አየሁት ያለውም መልስ የእኔ ነው። አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ፈጠርኩት። ይህን ገጽ የያዝኩት ፋሪሃ ነኝ፤ ሎጊያ ነው ቤቴ።» በቴሌግራሙም፣ በፌስቡኩም ለጠፈችው። የቲክቶኩን ቪዲዮ ሰረዘችው። ስድቡ እንደ በረዶ መውረድ ጀመረ፤ ቁጥሩም ዓይኗ እያየ ወደ ታች ሄደ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መሀመድአሚን ደወለ። ለሰላምታ ጊዜ አልነበረውም።

«‹አየሁ› ብለሽ ፋሪሃ?» አለ። ያን ቃል ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምትጠየቀው።

«አዎ።»

«የነገውን እኔ ብቻዬን ሄጄ እንደማይሆን እነግራቸዋለሁ» አለ ቆይቶ። «አሁን ከአንቺ ጋር መነጋገር አልችልም። ገጹን ግን እንዳትዘጊው። የሚወጣው ይውጣ፤ የሚቀረው ሰው መጠየቂያ ያስፈልገዋል።» ዘጋው።

ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰባቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ገለበጠች፣ እናቶቹ ያሉትን ሳትጨምር ሳትቀንስ። አንዳንዱን ፊደል ማንበብ ሲያቅታት ንጋትወርቅ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታነብላታለች። ፀሐይዋ ወደ ሐዲዱ ወዲያ ዘቅዘቅ ብላለች። ሱልጣና በዚህ ሁሉ መሀል ዱካው ላይ ናት። ድሪውን መልሳ አጣጠፈችው፤ ከዚያ ከነተምሩ ወደ ንጋትወርቅ ገፋችው።

«ለርስዎ ነው የገዛሁት» አለች።

«ኧረ እኔ እኮ…»

«ወንበር አውጥተውልኛል። ውሃ ሰጥተውኛል። ይዤው አልመለስም።»

ንጋትወርቅ ተቀበለቻት፤ በምላሹ አንድ ቁልል ቲማቲም እየመረጠች ባዶው ፌስታል ውስጥ ትሞላ ጀመር። እንዲህ ያለው ነገር ሲደረግ ማየት ለፋሪሃ ከስድቡ ሁሉ የከበደ ነበር። ሰባተኛውን ጥያቄ ጨረሰችና ደብተሩን ዘጋች። ዛሬ እዚሁ ማደር እንዳለባቸው፣ መኪና እንደማይገኝ ልትናገር ስትል ሱልጣና ቀደመቻት።

«ስንት ሆነ?»

«ሰባት።»

«ስምንተኛ አድርጊኝ።»

ፋሪሃ ቀና አለች። ሱልጣና አሁንም አላየቻትም፤ የምታየው ሐዲዱን ነው። «መጀመሪያ ለጋሽሽ ደውዪ። ዓርብ ይቆይ በያቸው። ‹ለምን?› ካሉሽ ሱልጣና ጠየቀች በያቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ብጠይቅ ይመለስልኛል ብዬ ነበር የምፈራው።»

ፋሪሃ ደወለች። ጋሽ አብዱሰላም ስልኩን አንስተው ሰሟት፤ ከኋላ ጎማ የሚመታ መዶሻ ይሰማል፣ ከዚያ መዶሻው ቆመ። «ማንን ጠየቀች?» አሉ። «ሰውን ሁሉ ጋሼ» አለች። «የግራ ክንዱን ጠባሳ እንዳትረሳው በያት» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ፤ መስመሩ ይሁን እሳቸው አልታወቀም። ሦስት ዓመት በዚያ ቤት ስለ ናስር እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ተወርቶ አያውቅም።

«ጠባሳውን እንዳትረሺ አሉ» አለች ፋሪሃ።

ሱልጣና ነጠላዋን አስተካከለች፣ ባለሥልጣን ፊት እንደቀረበች ወገቧን ቀና አደረገች። «ጻፊ» አለች። «ሱልጣና እባላለሁ። ሎጊያ ከጎሚስታው ጀርባ ነው ቤቴ። ልጄ ናስር አብዱሰላም። ከኦቦክ ደውሎ ነገ እንሻገራለን አለ። ግራ ክንዱ ላይ ራዲያተር ያቃጠለው ጠባሳ አለ፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ አላለቀሰም። በሕይወት ካለ እናትህ አልተቆጣችህም በሉት። ሞቶም ከሆነ…» እዚህ ላይ ቆመች። ንጋትወርቅ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። «ሞቶም ከሆነ የት እንደተቀበረ ልወቅ። ያየ ይንገረኝ። የሰማ ከማን እንደሰማ ይንገረኝ። ያላየ ያልሰማ ዝም ይበልልኝ።»

ፋሪሃ ጽፋ ጨረሰች። ከመለጠፏ በፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። ሱልጣና ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«የመጨረሻዋን ጽፈሻታል?» አለች። «ያላየ ዝም ይበልልኝ ያልኩትን?»

«ጽፌዋለሁ እትዬ።»

ሱልጣና እውነቱ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ ፊቷን አየቻት። «እንግዲያው ልቀቂው» አለች።